ጣሪያ ፍለጋ

ዱባይ ውስጥ ፀሐይ ለሁሉም ሰው እኩል አትጠልቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 የረመዳን ሰሞን የከተማዋ የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ለቡርጅ ኸሊፋ ነዋሪዎች ለየት ያለ ማሳሰቢያ አወጣ፤ ከ80ኛ እስከ 150ኛ ፎቅ ያላችሁ መሬት ላይ ካለው ሰው 2 ደቂቃ ዘግይታችሁ አፍጥሩ፣ ከ150ኛ በላይ ያላችሁ ደግሞ 3 ደቂቃ ጠብቁ የሚል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እታች ያለው ሰው ጀንበሯ ገባች ሲል እላይ ያለው ገና ፊት ለፊት ያያታል። ንጋት ላይም ቀድማ ስለምትገለጥለት ጾሙን ቀደም ብሎ መያዝ አለበት። አንድ ሕንፃ፣ አንድ አድራሻ፣ ሦስት መግሪብ።

ዜናውን ብዙ ሰው በፈገግታ አልፎታል። እኔ ግን ስለ ከፍታ ከተጻፈው ፍልስፍና ብዙው ከዚህች ማሳሰቢያ አይበልጥም ባይ ነኝ። ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው ቀኑ ይረዝምለታል፤ በረዘመለት ልክ ደግሞ ይጾማል። ሼሆቹ ከፍታን ያለ ዕዳ አልለቀቁትም። እዚያው ሕንፃ ላይ ግን በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሌላ ሕዝብ አለ፤ ሻንጣውን ሆቴል ጥሎ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ያቺን ትርፍ ብርሃን ያለ ምንም ዕዳ ተመልክቶ የሚሄድ። መንገደኛ ነው። የማወራው ስለ እሱ ነው፤ ስለ ራሴም ጭምር።

ቡርጅ ኸሊፋ ከመሬት እስከ ጫፉ 828 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ተመረቀ። አብዛኛው ጎብኚ የሚወጣው እስከ 124ኛ ፎቅ ነው፤ 452 ሜትር ላይ። አሳንሰሩ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢፈጅበት ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ሰው ሁሉ ምራቁን ይውጣል፣ በሩ ይከፈታል። ቀጥሎ የሚሆነውን ልብ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ለጥቂት ሰከንዶች ማንም አይናገርም። ከዚያ የስልክ ካሜራው ይጀምራል። መስታወቱን ጠጋ ብለው ሲያዩት ሁለት ረድፍ እድፍ አለበት፤ አንደኛው ከወገብ ዝቅ ብሎ የሕፃናት አፍንጫና መዳፍ፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ የአዋቂ ግንባር። የጽዳት ሠራተኛው ጨርቁን ይዞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። እሱ የሚያየው መስታወቱን ነው፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን አይደለም።

እዚያ የቆምነው ምን ፈልገን ነው? ከፍታ ነው እንዳይባል ወደ ዱባይ ባመጣን አውሮፕላን ላይ ከዚህ ሃያ እጥፍ በላይ ከፍ ብለን ነበር፤ ግማሻችን መጋረጃውን ዘግተን ተኝተናል። ስፋት ነው እንዳይባል ከአውሮፕላን መስኮት አገር በሙሉ ይታያል። ልዩነቱ እግራችን ያለበት ቦታ ይመስለኛል። በአውሮፕላን ላይ ያለ ሰው ከተማዋን አልፏት እየሄደ ነው። ፎቅ ላይ የቆመ ሰው ግን ከተማዋ ውስጥ እንዳለ ከከተማዋ ወጥቷል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን የሚቻልበት ሌላ ቦታ የለም።

እኛ ደገኞች ለከፍታ እንግዳ አይደለንም። ቁልቁል ማየትን ከብት እየጠበቅን ነው የተማርነው። ይሁንና በታሪካችን ከፍታ ላይ የወጣ ሁሉ ለጉዳይ ነው የወጣው። መነኩሴው ደብረ ዳሞን በጠፍር ተስቦ የሚወጣው ዓለምን ሊሸሽ እንጂ ሊያይ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተራሮች ቁልቁል ሲመለከቱ ያዩት የእንግሊዝ ጦር አሮጌ ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው። የግሸን ነገር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ነገሥታቱ ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ግሸን አምባ ላይ አውጥተው በግዞት ያኖሯቸው ነበር። በአገሩ ከማንም የሰፋ ዕይታ የነበራቸው እነዚያ እስረኛ ልዑላን ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ከሚያዩት መሬት ግን አንዲት ክንድ አይረግጡም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ይህ ወሬ ደርሶት እ.ኤ.አ. በ1759 ‹ራሰላስ›ን ሲጽፍ ነገሩን ገለበጠው፤ ልዑሉን ከአምባው አናት አውርዶ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ አስቀመጠው። እስር ቤት ዕይታ ሊኖረው ይችላል ብሎ ማሰብ የከበደው ይመስለኛል። የግሸንን ሰው ቢጠይቅ ይነግረው ነበር።

ከዚያ በፊትም አክሱም ላይ ፎቅ ያለው ድንጋይ አቁመናል። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ነው፤ ዛሬ ተሰባብሮ ነው የተጋደመው። ፊቱ ላይ በር ከነመዝጊያው፣ ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ ተቀርጾበታል፤ ሲቆጠር 13 ፎቅ ይሆናል። ከእነዚያ መስኮቶች አንድም ሰው ቁልቁል አልተመለከተም። ሐውልቱ መቃብርን የሚያመለክት ነው፤ እንዲታይ ተሠራ እንጂ እንዲታይበት አልተሠራም።

ለመደሰት ብቻ ብሎ ከፍታ ላይ መውጣት የሚያሳፍርበት ዘመን ረጅም ነው። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1336፣ በእኛ አገር ዐፄ ዓምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን፣ ደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን ሞን ቫንቱ የተባለ ተራራ ከወንድሙ ጋር ወጣ። ተራራው ከ1,900 ሜትር ያልፋል። በደብዳቤው እንደሚነግረን የወጣበት ምክንያት አንድ ነው፤ ከፍታውን ለማየት መጓጓት። አናቱ ላይ ደርሶ በዕይታው ከረካ በኋላ ይዞት የመጣውን የአውግስጢኖስን የኑዛዜ መጽሐፍ ቢገልጥ ዓይኑ ያረፈው ሰዎች ተራራ ሊያደንቁ እየሄዱ ራሳቸውን መርሳታቸውን በሚወቅስ ቦታ ላይ ሆነ። ደነገጠ። መጽሐፉን ዘጋ፤ ተራራውን ወርዶ እስኪጨርስም ቃል አልተነፈሰም። ሊቃውንቱ ደብዳቤው ቆይቶ ተውቦ የተጻፈ ነው ብለው ይጠረጥራሉ፤ ይሁን። ተውቦም ቢሆን ያፈረው ከልቡ ነው።

ያንን ኀፍረት ያጠፋው አሳንሰር ነው ብል አጋነንክ አልባልም። ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒው ዮርክ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ላይ ራሱ የቆመበትን የአሳንሰር መድረክ አንጠልጥሎ የያዘውን ገመድ ሕዝብ ፊት አስቆረጠው፤ መድረኩ ትንሽ ተንሸራቶ ቀጥ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ብሮድዌይ ላይ አንድ መደብር ሰው የሚጭን አሳንሰር አስገባ። ከዚያ በፊት የላይኛው ፎቅ የድሃ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ጌቶቹ ወደ መሬት በቀረበው ፎቅ ሲንደላቀቁ ሠራተኞቻቸው ጣሪያ ሥር በተወሸቀች ክፍል ያድሩ ነበር፤ ደረጃ መውጣት የቻለ እግር ርካሽ እግር ነበርና። አሳንሰር መጣና ጣሪያውን ከሠራተኛዋ ነጥቆ ለባለጸጋ ሸጠው። ዕይታ የሚባል ሸቀጥ የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

ሸቀጡ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማወቅ ኢምፓየር ስቴትን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1931 ሲመረቅ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መሐል ነበረች። 102 ፎቅ ተሠርቶ ተከራይ ጠፋ፤ የኒው ዮርክ ሰው ስሙን አጣሞ ‹ባዶው ሕንፃ› እያለ ያላግጥበት ገባ። ሕንፃውን ደግፎ ያቆየው 86ኛ ፎቅ ላይ ያለው መመልከቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተመልካች የተሰበሰበው 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከቢሮ ኪራይ ከተገኘው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ሥራ ያጣና ለዳቦ የሚሰለፍ ሰው በሞላበት ከተማ፣ ያቺኑ ከተማ ከላይ ለማየት ሌላ ሰልፍ ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ምናልባት ችግር ከዚያ ከፍታ ሲታይ የሚቀል መስሏቸው ይሆናል፤ ደግሞም ይቀላል፤ ነገሩ ወዲህ ነው።

ፓሪስም የራሷ ጨዋታ አላት። ኤፌል ማማ እ.ኤ.አ. በ1889 ሲቆም ደራሲው ጊ ደ ሞፓሳን ክፉኛ ጠላው፤ ነገር ግን ምሳውን እዚያው ማማው ላይ ይበላ ነበር ይባላል፤ ፓሪስ ውስጥ ማማውን ላለማየት የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው በማለት። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ማማው በጻፈው ሐተታ ይህችን ወሬ ያነሣታል። ፓሪሶች ቀልዱን በኋላ ለሞንፓርናስ ሕንፃ አወረሱት። ይኼኛው 210 ሜትር ነው፤ በ1973 ከተመረቀ ጀምሮ በከተማው ሰው ዘንድ የተጠላ፤ የፓሪስ ምርጡ ዕይታ ከሞንፓርናስ አናት ነው፣ ሞንፓርናስ የማይታየው ከዚያ ብቻ ነውና ይላሉ። ቀልዱ ቆይቶ ሕግ ወጣበት፤ በ1977 መሐል ፓሪስ ላይ ከ37 ሜትር በላይ መገንባት ተከለከለ። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፤ ከሞንፓርናስ ጋር ትከሻ ለትከሻ። ከሁለቱም አናት ላይ የቆመ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ መስኮቶችን ያያል፤ በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ ደግሞ ሳይወድ በግዱ እሱ ያለበትን ሕንፃ የሚያይ ሰው አለ።

ወደ ደስታው ልመለስ። ከፍታ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ የሚጠፋው ድምፅ ነው። ከዚያ ሽታ። ከዚያ ፊት። ጠዋት ሒሳብ ጨምሮ ያስከፈለኝ ባለታክሲ ከዚያ ሲታይ በመንገዱ ላይ የሚንሸራተት ነጥብ ነው፤ ሆን ብዬ ልቀየመው ብፈልግ እንኳ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ለመንገደኛ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። እንግዳ አገር ላይ ያለ ሰው መሬት ላይ ሲሆን ከማንም ያነሰ ነው። ቋንቋው የተሰበረ፣ ገንዘቡን አሳስቶ የሚቆጥር፣ የቱ አውቶቡስ የት እንደሚሄድ ከሰባት ዓመት ልጅ ያነሰ የሚያውቅ። እላይ ግን ማንም ምንም አይጠይቀውም። የከተማው ተወላጅም ቢሆን ትኬት ቆርጦ ከጎኑ ይቆማል፤ ሁለቱም እኩል ይጠቁማሉ፣ እኩል አፋቸውን ይከፍታሉ። ባለ አገሩና እንግዳው እኩል የሚሆኑበት ሌላ ቦታ ቢኖር የእምነት ቤት ብቻ ነው። ከተማን ከፎቅ ላይ ማየት እንግድነትን ለአንድ ሰዓት ማራገፊያ ነው። ለዚህ ሲባል የሚከፈለውን ገንዘብ አልነቅፍም።

ሰውነት ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ የለበትም። ቶሮንቶ የሚገኘው ሲ ኤን ታወር እ.ኤ.አ. በ1994 ከወለሉ የተወሰነውን ክፍል በመስታወት ሠራው፤ 342 ሜትር ላይ ከጫማ ሥር መሬቱ ይታያል። መስታወቱ ከሚረግጠው ሰው ብዙ እጥፍ ክብደት እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ እዚያው አለ። አዋቂዎች ያነብቡታል፣ ያምኑታል፣ ግን እግራቸውን አንሥተው ማሳረፍ ያቅታቸዋል። ሕፃናት ሳያነብቡ ዘለው ይንከባለሉበታል። ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የሚያስፈራ ነገር ግርማው የሚያስደስተን እኛ ደኅና ቦታ ላይ ስንሆን ነው ይላል። አስተውሎቱ ልክ ነው፤ ተራራ ሳያይ ዕድሜውን በሙሉ የትውልድ ከተማው አካባቢ ላሳለፈ ሰው ደግሞ ይደንቃል። ዳሩ ግን እግር ፍልስፍና አያነብም። ጭንቅላት ‹ደኅና ነህ› ሲል እግር ‹ማን ነገረህ› ይላል፤ ያ ሙግት ራሱ ግማሹ ደስታ ነው።

የቀረው ግማሽ ግን ንጹሕ አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ከፍታ ላይ ሲቆም ማን ማን ከዚህ ቀደም እንደቆመ ማስታወሱ አይቀርም። ዳዊት ሲመሽ በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሲመላለስ የሰው ሚስት ስትታጠብ አየ፤ ከዚያ የተከተለው የኦርዮ ደም ነው። ሰገነቱ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ አይታይም ነበር። ፈታኙም ጌታችንን የወሰደው ወደ ሸለቆ አልነበረም፤ ወደ እጅግ ረጅም ተራራ አውጥቶ መንግሥታቱን በሙሉ በአንድ ዕይታ አሳየው። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማየት፣ ያየሁት የእኔ ነው የሚል ስሜት ያመጣል። ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ የተናገረው ይህንኑ ነው። ከኒው ዮርኩ የዓለም ንግድ ማዕከል 110ኛ ፎቅ ቁልቁል እያየ ይነሣና፣ ከላይ የሚያይ ሰው ከተማዋን እንደ ገዥ ያነብባታል፣ ከታች የሚራመደው ግን በእርምጃው ይጽፋታል ይላል። የቆመበት ፎቅ ዛሬ የለም፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በሺህ ከሚቆጠር ሰው ሕይወት ጋር ፈረሰ። የላይኛው ዓይን ከማንም በላይ ደኅና ነው የሚለው እምነትም አብሮ የተነቃነቀ ይመስለኛል።

ደ ሰርቶ ብዙ እውነት አለው፤ ሁሉ ግን የለውም። ከፍታ ለገዥ ብቻ አይናገርም። እንጦጦ ላይ ወጥቶ አዲስ አበባን ያየ ሰው ከታች ሆኖ ዓመታት ቢመላለስ የማይገባውን አንድ ነገር ወዲያው ይረዳል፤ ይህች ከተማ ለምን እዚህ እንደሆነች። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ ሲያደርጉ የፈለጉት ምሽግ ነበር። ብርዱ አንገበገባቸው፣ ማገዶው አለቀ። ጣይቱ ግን ከታች የፍል ውኃውን እንፋሎት ያዩ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ሰፈሩ ወደዚያ ወረደ፣ ስምም ወጣለት። ከአናቱ ቆመው ሲያዩት ጠቅላላው ታሪክ ቁልቁለት ነው፤ ወንዞቹ የሚወርዱበት፣ ሰው የተከተላቸው፣ ባሕር ዛፉ ከኋላ የተተከለው፣ ፎቁ ደግሞ ሜዳው ላይ የበቀለው። ምክንያት ከላይ ይታያል፤ ሰው ከታች ይታያል። ሁለቱን በአንድ ቦታ ቆሞ ማየት አልተሰጠንም።

እንጦጦ ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ እሱ ነው። የአዲስ አበባ ሰው እዚያ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ከተማዋን ማድነቅ አይደለም። ቤቱን ይፈልጋል። ‹‹ያ ረጅሙ ፎቅ ይታይሃል? ከእሱ ወደ ግራ ና። አይደለም፣ ከዚያ ወዲህ። አረንጓዴው ጋ... እሱ አካባቢ ነው።›› ቤቱ አይታይም፤ ከዚያ ርቀት ሊታይም አይችልም፤ ግን አቅጣጫው እስኪገኝ ድረስ ዕረፍት የለም። ከተገኘ በኋላ ነው ሌላው ከተማ የሚታየው፤ መርካቶ ከቤቱ በስተቀኝ፣ ቦሌ ከቤቱ ማዶ። ባለፉት ዓመታት ይህ ፍለጋ ለአንዳንዱ ከብዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ ሰፈሮች ስለፈረሱ፣ እዚያው ዶሮ ማነቂያ ያደገ ሰው ዛሬ ከላይ ሆኖ ጣቱን የሚቀስረው ወደ አስፋልትና ወደ አዲስ ችግኝ ነው። ይቀስራል ግን።

በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1910 በወጣ ሕግ የሕንፃዎቿን ቁመት ስለገደበች 169 ሜትሩ የዋሽንግተን ሐውልት ሁሉን ቁልቁል ያያል። ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ የሚጎበኝ ቦታ ነው። በዚያች ትንሽ መስኮት ፊት አንድ ጎልማሳ እናቱን አቁሞ ሲያሳያት ሰምቻለሁ። ኋይት ሐውስን በአንድ ቃል አለፈው። ‹‹እማዬ፣ ወንዙ ታየሽ? ከወንዙ ማዶ ነው የኛ ሰፈር።›› እናትየው ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች። ‹‹እሰይ ልጄ፣ ከወንዝ ማዶ አገኘህ›› አለችው። አልታያትም፤ ግን ልጇ የት እንደተቀመጠ አወቀች።

የመንገደኛ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የሚፈልገው ጣሪያ የለውም። ዓይኑ የሚያርፍበት ስለሌለው በቅርጽ ይወሰዳል፤ ሰማያዊው ኩሬ፣ የመንገዱ መጠላለፍ፣ የመብራቱ ብዛት። ፎቶ የሚያነሣውም ለዚህ ነው፤ ዓይን ያልያዘውን ስልክ ይያዝልኝ ብሎ። ቆይቶ ሲያየው የትኛውም ከተማ ነው። ዱባይንና ሻንጋይን በሌሊት ፎቶ ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ቢመጣ ሕንፃዎቹን በስም ያጠና ሰው ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ጣሪያ የሌለው ዓይን የማያየው ሰውን ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከፍታ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሥራ ቦታ ነው፤ መስኮት ይወለወልበታል፣ በረንዳ ይታጠብበታል፣ አንዳንዴም በሩ ከውጭ ይቆለፍበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ከ7ኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ ድረሱልኝ ስትል አሠሪዋ በስልክ ትቀርጻት ነበር። ወደቀች፤ በፈጣሪ ቸርነት በሕይወት ተረፈች። ቪዲዮው ዓለምን ሲዞር እኔም አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ፎቅ ላይ ወጥቼ መስኮቶቹን እንደ ጌጥ መቁጠር አልሆነልኝም። እነዚያ በሩቅ የሚያበሩ ካሬዎች አብዛኞቹ ሰው አለባቸው፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለችው አማርኛ ተናግራ ትረዳኛለች። የድሮዋ የፓሪስ ሠራተኛ ጣሪያ ሥር ብትወሸቅም ዕይታው የእሷ ነበር። ዛሬ ዕይታውም የአሠሪው ነው።

ፎቅ አትውጡ እያልኩ አይደለም። እኔም እወጣለሁ፣ ወደፊትም እወጣለሁ። ብዙ የጉዞ ምክር ግን መጀመሪያ ቀን ውጡ፣ ከተማዋን ‹ጠቅለል› አድርጋችሁ እዩ ይላል፤ በዚህ አልስማማም። ያልረገጡትን ከተማ ከላይ ማየት የማያውቁትን ሰው ፎቶ አልበም መግለጥ ነው። ትኬቱን ለመጨረሻው ቀን ይቁረጡ፤ እስከዚያ ይጥፉ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ይታለሉም።

እና አንባቢ ሆይ፣ አውሮፕላን መቀየሪያ ሰዓትዎ ረዝሞ ዱባይ ከወጡ መጀመሪያ ዴይራ ወደሚባለው ሰፈር ይሂዱ፤ ክሪክ ከሚሉት የባሕር ሰርጥ ማዶ ነው፤ የሀበሻ ምግብ ቤት አያጡም። ቡናውን የምታቀርብልዎትን እህት ‹‹የት ነው የምትኖሪው?›› ብለው ይጠይቋት፤ በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ከስንት ሰው ጋር። ከፈቀደች ትነግርዎታለች። ከዚያ 124ኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዙሩና አቧራው ከፈቀደ የእሷን ጣሪያ ይፈልጉ።